ግራ የገባው ቀኝ

ሻርጃ፣ ሮላ ማዶ፣ ከሦስተኛው ፎቅ ላይ፣
እጅ የሚለካበት ጠባብ ክፍል አለ፤
ውጭ፣ አስፋልቱን እንደ ሰም የሐምሌ ፀሐይ
ሲያቀልጠው ዋለ።

እኔ ሐዋ ይማም ነኝ፣ ቀኝ እጄን ዓጅማን ላይ
የአንሶላ መተኮሻ የወሰደው።
የዚህን ዋጋ ግማሹን መድን ከፈለ፣
ግማሹን ስሙን ያልነገሩኝ ነጋዴ፣ በረመዳን ዘካው፣
ቀኙ የሰጠውን ግራው ሳያውቀው።

«የሌለውን እጅሽን ጨብጪ» አለኝ ቢጁ፣
የኬረላው ባለሙያ፣ በተሰባበረ ዐረብኛ፤
እኔም በተሰባበረ ዐረብኛ ሰማሁት።
የሌለውን!
ጨበጥኩት።
ክንዴ ላይ የተለጠፉት ሁለት ሳንቲም የሚያህሉ ብረቶች
አንድ ነገር ሰሙ።
ጠረጴዛው ላይ የተኛው ጥቁር እጅ ባነነ፤
ልጨብጥ ወይስ ልዘርጋ እያለ ተርገፈገፈ፣
ግራ የገባው ቀኝ፣
ቀኝ ካጣች ግራ ጋር ፊት ለፊት።

«ሁሉም ሰው ‹ጨብጥ› የሚለው በራሱ ድምፅ ነው» አለ ቢጁ፤
«አንዱ ሥጋ ይጮኻል፣ አንዱ ያንሾካሹካል።
ያንቺ ያንሾካሹካል፤ ቆይ፣ የእጁን ጆሮ ላቅናው።»
አቀናው።

ከእኔ በፊት ሱሌይም ነበር፣ የኸሰብ ዓሣ አጥማጅ፣
«ጨው የሚፈራ እጅ አልወስድም» ብሎ የማለ፤
ለሱ፣ ማዕበል ቢጎትተውም ገመድ የማይለቅ
አውራ ጣቱን የሚቆልፍ አያያዝ ተሰጠው።
ከሱ ቀጥሎ ማሪቴስ፣ ኬክ ላይ አበባ የምትጽፍ፤
ለእሷ ሦስት ጣት ይበቃል፣ እንቁላል የሚያከብር።
ትንሹ ራሺድ ፊደል አልጠየቀም፣
«ሌባ ጣቴ ትፍጠንልኝ» አለ፣ «ለጨዋታ።»
ክንዱ በየወሩ ስለሚረዝም
ማቀፊያው እንደ ዒድ ልብስ ሰፋ ተደርጎ ተሠራ።

ያው ሞተር ነው፣ ያው ሽቦ፣ ያው ክር፤
ጠባዩን ግን ከባለቤቱ ይበደር።

«አንቺስ? ምን ይማርልሽ?»
«አንሶላ ማጠፍ» አልኩት በልማድ፣
ከአፌ ሳይወጣ አፈርኩ።
«አይደለም፤ ሻሼን ማሰር፣
ከማጅራቴ ኋላ፣ ዓይኔ ከማይደርስበት።»
እንዲህ ያለ ጥያቄ ደርሶት አያውቅም መሰለኝ፣
እርሳሱን ነክሶ ቆየ፤
የራሱን ፎጣ በራሱ አንገት ላይ ሦስት ጊዜ አሰረ፣ ፈታ፤
ከዚያ አንጓውን ወደ ኋላ የሚጠመዝዝ፣
ሁለት ጣት ጫፍ ለጫፍ የሚያገናኝ አያያዝ ጻፈለት።
ማሽኑ ስም ጠየቀ።
«ሐዋ» ብሎ ሞላው።

ሐሙስ ማታ ሐዋላ ቤት ገባሁ፣ ለከሚሴ ልልክ፣
የወንድሜ ልጅ የትምህርት ቤት ክፍያ ደርሶ ነበር።
መስተዋቱ ቀይ በርቶ «ቀኝ ሌባ ጣት» አለኝ።
ሌባዋን ሌባ ሰረቃት፣ ለስንቱ ልናገር?
ጥቁሯን ጣት አስቀመጥኩ፣ በጨዋ ደንብ፤
መስተዋቱ ምንም አላየም።
ገመድ ይይዛል፣ አበባ ይጽፋል፣ ሻሽ ያስራል፣
አሻራ ግን የለውም፤
ማን እንደሆንኩ አያውቅም፣
ወይ ያውቃል፣ አይመሰክርም።

ጸሐፊው አቀርቅሮ የግራ አውራ ጣቴን መዘገበ።
ድርሃሙን በአዲሱ እጅ ቆጠርኩለት፣
አንድ፣ አንድ፣
ሰልፉ ከኋላዬ እየተነፈሰ፣
እጅ በእጅ።

ማታ፣ ስምንት ሆነን በምንተኛበት ክፍል፣
እጄን አውልቄ ከስልኬ ጎን ቻርጅ ሰካሁት።
እናቴ ደወለች።
«ከእጅ አይሻል ዶማ ይሉ ነበር፤ ይሻላል?»
«አይሻልም እማዬ። ይማራል ግን።»
ዝም አለች፤ መስመሩ ይሁን እሷ አልለየሁም።

ጠዋት ሻሼን አሰርኩ፣ በአምስተኛው ሙከራ።
ቋጠሮው ትንሽ ወደ ግራ አጋድሏል፤
ተውኩት።