ሦስተኛው ቀዳዳ

ድሬዳዋ፣ ከዚራ። ግንቦት ነው፤ ቀትሩ ከሯል።
የጋሽ ሮባ ግንብ በመሰርሰሪያዬ ሦስት ቦታ ተበስቷል፤
አንደኛው ጣት ያህል፣ ሁለተኛው ስንዝር፣
ሦስተኛው ክንድ ሙሉ፣ ከውስጠኛው ልስን ሥር።
በየቀዳዳው አንዳንድ ቴርሞሜትር ሰክቼ
ደብተሬን ዘረጋሁ፣ ከኒሙ ጥላ ገብቼ።

«ምን ልትለካ ነው?» አሉኝ፣ የምድር ባቡር ጡረተኛ፣
ስማቸው ዝናብ ማለት፣ ኑሯቸው የላብ ቁራኛ።
«የሙቀትን እርምጃ። ስንት ሰዓት ይፈጅበታል
ከዚያ ፊት እስከዚህ ፊት?»
          ሳቁ። «መዳፌ ያውቃል።»

ስድስት ሰዓት። የውጪው ፊት ጣት አያስነካም፤
አንደኛው ደህና ግሏል፤ ክንዱ ጭራሽ አልሰማም።
ዘጠኝ ሰዓት። ስንዝሩ ነቃ፤ ግማሽ ዲግሪ፣ ከዚያ ሁለት፤
ክንዱ አልተነቃነቀም፤ ያለው ገና በትናንት ሌሊት።
የመግሪብ አዛን ተሰማ። ከደቻቱ አሸዋ ነፋስ ተነሳ፤
የውጪው ፊት ቀዘቀዘ፣ የዋለበትን ረሳ።
ክንዱ ግን ያን ጊዜ ነው
ስለ ቀትሩ የሰማው።

ላስረዳቸው ሞከርኩ። «እንደ ባቡር አይደለም ሙቀት፤
እጥፍ ጠልቆ ለመግባት
እጥፍ ሰዓት አይበቃውም፤
አራት እጥፍ ይጠይቃል፤ ሦስት እጥፍ ሲጠልቅ ዘጠኝ፤
እየገባም ይሳሳል...»
          «ቆይማ» አሉኝ።

መዳፋቸውን ከአልጋው ራስጌ፣ ግድግዳው ላይ ጣሉ።
ሦስት ሰዓት ከሩብ። ዓይናቸውን ጨፈኑ። «መጣ» አሉ።
ወጥቼ በባትሪ አየሁ፤ ቴርሞሜትሩ ሽቅብ ብሏል።
አንድ ዲግሪ እንኳ አይሞላም። መዳፍ ይህን እንዴት ያውቃል?

«ደሃቦ ወገቧን ያማት ነበር።
ሰፈሩ ሁሉ አልጋውን አውጥቶ ግቢ ሲተኛ
እሷ እዚህ ቁጭ፣ ጀርባዋን ለግንቡ ሰጥታ፣ እኔም አብሬ ሳልተኛ።
‹ቀትሬ መጣ› ትለኝ ነበር።»
ከዚያ ዝም አሉ። አንድ ባጃጅ በመንገዱ አለፈ፤
መብራቱ ግድግዳውን ጠረገና ጠፋ።

በደብተሬ አራተኛ ዓምድ አሰመርኩ፤ «መዳፍ» ብዬ ጻፍኩ።
አማካሪዬ ኋላ በቀይ ሰረዙት። ልክ ናቸው፤ አልተከራከርኩ።

በማግስቱ ኖራ በጥብጬ ቀዳዳዎቹን ልደፍን መጣሁ።
ጣቱን ደፈንኩ። ስንዝሩን ደፈንኩ። ለክንዱ ካዞላዬን አነሣሁ።
«እሱን ተወው» አሉኝ ከውስጥ።
ሌላ ቃል አልጨመሩም።
ኖራው ባልዲው ውስጥ ቀረ።
ግንቡ ፀሐይ መቀበል ጀመረ።