በረኛው

ሃያ ሁለት ዓመት ጨረጨራ ላይ ኖርኩ፣
የሐይቁን ከፍታ ጧት ማታ እያነበብኩ፤
ሲሞላ ከፍቼ፣ ሲጎድል ዘግቼ፣
ዓባይን በልኩ ከጣና ቀድቼ።

ከዚያ በአንድ ክረምት
መዘውሩ ሳይሆን አንጓዬ ዛገብኝ፤
ሌሊት እንደ ፍም ጋለ፣ ንጋት ላይ አበጠብኝ።
ይታይሽ ሳሙና ጣቴን ቀባችና
የሠርጌን ቀለበት አወለቀችና
በመቀነቷ ጫፍ ቋጥራ አስቀመጠችው።
"ቁርጥማት ነው" አለኝ ጎረቤቴ አለኸኝ፤
"የሐይቅ ብርድ ነው፣ ጋቢ ደርብ" ብሎ መከረኝ።

ፈለገ ሕይወት ግን ሐኪሟ ሐመልማል
ስሙን ነገረችኝ፤ ከቁርጥማት ይረዝማል።
ሰኞ ሰኞ ብቻ የሚዋጥ ክኒን አዘዘች፣
ወር በወር ደሜን እየቀዳች መረመረች።
በዓመቱ እብጠቱ ወረደ፤ ቅላቱም ጠፋ።
ሕመሙ ግን አለ። ከበፊቱም ከፋ።
የሸሚዜ እጅጌ፣ ያ ስስ ጥጥ፣ ሲነካው
አንጓዬ ይጮኻል ቢላ እንደ ወጋው።

"ውሃው ሸሽቷል" አልኳት፤ "ደወሉ ለምን ይጮኻል?"

ከማዘዣው ጀርባ ክር የሚያህል መስመር ሣለች፣
ጫፉ ላይም ነጥብ፤ "ይኼ ባልደረባህ ነው" አለች።
"ነርቭህ ጫፍ ላይ ውሎ የሚያድር በረኛ፣
እኛ ተቀባይ እንለዋለን፤ ታማኝ መልእክተኛ።
መገጣጠሚያህ ሲቆጣ፣ ብግነት ሲነሣ፣
ከቁጣው የሚመነጨው ቅመም በሩን ሲደበድብ ሳይታክት፣ ሳይሳሳ፣
ሌት ከቀን ሲሆንበት በረኛው እንቅልፍ አጣ፤
የሚጮኽበትን ልክ ዝቅ፣ ዝቅ እያደረገ መጣ።
ድሮ ጎርፍ ሲያይ ነበር፤ ዛሬ ጤዛ ይበቃዋል፤
እስከ አከርካሪህ ድረስ ጎረቤቱ ሁሉ ነቅቶ ያዳምጠዋል።
እሳቱን አጥፍተናል።
ሰላም መሆኑን ግን ለእሱ ማን ይንገረው?"

ዝም አልኩ።
ትዝ አለኝ የጎርፉ ዓመት፣ የፎገራ ማሳ ሰጥሞ፣
ፋኖሴን ይዤ ሌሊቱን፣ እግሬ ጭቃ ውስጥ ቆሞ።
ውሃው ከሸሸ በኋላ፣ በጥር፣ በደረቁ፣
ይታይሽ ግድቡ ላይ አገኘችኝ፣
በእንቅልፍ ልቤ ቁጥር ስቆጥር ከሐይቁ።

ትናንት ማታ መቀነቷን ፈታች። "ሞክረው" አለች።
ቀለበቱ ያለ ሳሙና አንጓውን አለፈ፤
በረኛው ግን ጮኸ፣ ሰፈር እንደሚቀሰቅስ ለፈለፈ።
"ላውልቀው?"
"ተዪው፣ ይጩኽ" አልኳት።

ማለዳ ወደ ዘንጉ ወረድኩ። ውሃው ልኩን ይዟል።
ቁጥሩን ለእጄ አነበብኩለት፣
ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ሁለት ጊዜ።