ያልገባችም ትቆጠራለች

በኡራጓይ ወንዝ ዳር፣ ሜዳችን ጎባጣ፣
አግዳሚው ሳንቃ ነው፣ ሚስማሩ የወጣ።
እዚያ፣ እሑድ እሑድ፣ ከሦስተኛው ረድፍ፣
ዶኛ ኔልባ አለች፣ እርሳስ ቀርጻ የምትጽፍ።

ሠላሳ አንድ ዓመት፣ በሥጋው ፋብሪካ፣
ሚዛን ላይ ቆማለች፣ ስትጽፍ፣ ስትለካ።
«ዓይን ቀንድ ያያል» ትላለች፣ «ይታለላል፤
መርፌው ግን ቀንድ አያይ፤ ኪሎውን ይላል።»

እኔ ጎማ ጠጋኝ፣ ድምፄ የማይነጥፍ፣
ለስድብ ግንባር ቀደም፣ ለይቅርታ የምሰንፍ።
ያን ሰሞን አጥቂያችን፣ ዊልማር የሚሉት፣
ሰባት ጨዋታ ሙሉ መረቡ ርቆት፣
«እግርህ ማገዶ ነው!» ብዬ ስጮህበት፣
ማቴዋን በቀሰም መማጓን ትታ፣
«ና» አለች፣ ደብተሯን ጉልበቴ ላይ ዘርግታ።

ገጹ ሜዳ ነበር፣ በእርሳስ የተሰመረ፣
ፈንጣጣ እንደነካው ፊት በነጥብ የተዥጎረጎረ።

«እያንዳንዷ ነጥብ አንድ ምት ማለት ናት፤
ክቧ የገባች ነች፤ ጥቁሯን በረኛ በላት፣
ወይ አየር ወሰዳት።
አሁን ጎሉን እርሳው፣ ቦታዋን ተመልከት፤
ከዚህች ላይ መቶ ሰው፣ መቶ ጊዜ ቢመታት፣
ስንቷ መረብ ታያለች? ሚዛኑ ይኸው ነው።
ሪጎሬ ሲመታ፣ ከአራት ሦስቱ ጎል ነው፤
ከሠላሳ ሜትር፣ ከመቶ ሦስት ቢገባ
ደግ ቀን ነው በል፣ ቤትህ ዘፍነህ ግባ።»

«የዊልማርን ሁሉ መዝኜ ስደምር፣
ሩቡን ከሲሶው ጋር፣ አሥረኛውን ስጨምር፣
አራት ጎል ይሞላል። ኳስ ከሚገባበት
ስፍራ ነው የሚመታው፤ ጎሉ ነው የቀረበት።»

«ሄበርስ?» አልኳት። ሄበር የከተማው ንጉሥ፣
ከሩቅ ሦስት አግብቶ፣ በየመንገዱ የሚሳም፣ የሚሞገስ።
«ስምንት ጊዜ መታ፤ ሁሉም ከሩቅ አገር፤
ቢደመር ቢባዛ፣ ሩብ ጎል ላይሞላ ነበር።
ዕድል እንግዳ ነው፤ ይመጣል፣ ይበላል፣
ሲነጋ አልጋውን አንጥፎ ይሄዳል።»

«ሰባት ጨዋታ እኮ!» ስል፣ ሳቀች በአፍንጫዋ፦
«ሰባት በሬ መዝኖ፣ የመንጋውን ክብደት የነገረኝ ጮርቃ
አንድ ነበር፤ ወደ ቄራው መለስኩት፣ ደም እንዲያጥብ በባልዲ።»

ከገጹ ዳር፣ ቀጭን፣ ባዶ ዓምድ አየሁ።
«ይኼስ ለምንድን ነው?»
«ለማላውቀው ነገር። ጫማው ጠቦት ይሆን?
ጥርስ የሚያወጣ ልጅ ሲያለቅስበት አድሮ፣ እንቅልፍ አጥቶ ይሆን?
ሁሉን ቆጠርኩ የሚል ሰው ያጋጠመህ ለት፣
ቁጥሩን ተወውና ሰውየውን ጠርጥርበት።»

በሳምንቱ ዊልማር ሪጎሬ አገኘ።
እኔ አዲስ አማኝ፣ አፌ የተገኘ፣
ዞሬ ለረድፉ ሁሉ «ከአራት ሦስት!» አልኩ።
ኳሷ አግዳሚ ብረት ነክታ፣ ከአጥሩ ተሻግራ፣
ስትወድቅ ሰማናት፣ ወንዙ ውስጥ፣ ከዓሣው ጎራ።

ሰው ሁሉ ወደ ኔልባ ዞረ፣ ወደ ደብተሯ።
እሷ ጥቁር ነጥብ አኖረች በስፍራዋ፦
«ከአራት አንዷም እኮ መምጫ ቀን አላት።»

ክረምት ሲገባ ሸጡት፣ ከወንዙ ማዶ፣ ለአርጀንቲኖች፣
በአንድ አሮጌ ፒክአፕ ዋጋ፣ ያውም ያለ ጎማዎች።
(ጎማውን እኔ አውቀዋለሁ፤ በኋላ ጠገንኩት።)
ኔልባ በሬዲዮ ተከተለችው፣ ጆሮዋን ደግና፤
እስከ ጸደይ ዘጠኝ አገባ።
«አላልኳችሁም?» አላለች። ደብተሯን አየችና፦
«የእኔ ሰባት ተኩል ይላል። አንድ ተኩሉን ተበድሯል፤
ዕድል አራጣ ነው፤ አንድ ቀን ይከፍላል።»

እኔም ደብተር ገዛሁ፣ ሰማያዊ፣ ካሬ ያለው።
የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያሰፈርኩት ይኸው፦
በሰባት ጨዋታ፣ ዊልማር ላይ የጮህኩት፣ አርባ ሁለት ስድብ።
የተገባው ስንቱ ነው?
ዓምዱን ባዶ ተውኩት።