የሦስተኛው ዝምታ

ብሩክስ፣ አልበርታ፤ ጥቅምት ሊያልቅ ሲል፣
ሜዳው ገለባ ነው፣ ነፋሱ ጅራፍ ይመስል፤
ከሥጋ ፋብሪካው፣ ከሌሊት ፈረቃ፣
ቢላዬን አስረክቤ፣ ከተማው ሲነቃ፣
ቁልፉን ባዞረው ፎርዴ ተነሣች፣
ተነሥታም አነከሰች።

የሰማንያ ዘጠኝ ናት፣ ባለ ስድስት ሲሊንደር፣
የግራ በሯ በሽቦ የሚታሰር።
ሚኒሞ ላይ ስትቆም መላ አካሏ ይርዳል፣
በመስታወቱ ውስጥ የኋላዬ መንገድ ይደበዝዛል፤
ማርሚታዋም ይላል፦ ጡፍ፣ ጡፍ፣ — ጡፍ፣
ቃል እንደጠፋው ሰው፣ መሃል ላይ እንደሚያርፍ።

ገመትኩ። መገመት ምን ይከፈልበታል?
ይከፈልበታል።
ስድስት ካንዴላ፣ ፊልትሮ፣ ቦቢና፣
የቤንዚን ፖምፓ፣ «በቃ ይሄ ነው» አልኩና፤
የሁለት ሳምንት ደመወዝ በካርቶን በካርቶን መጣ፣
ያው መንተባተቧ ከቦታው ሳይወጣ።
ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል ይባላል፤
እኔ ነክሼ፣ የቀንዱንም ደረሰኝ ይዣለሁ።

ውድነሽ፣ ባለቤቴ፣ ደረሰኞቹን ደመረች፤
«ስሜን ለእሷ ሰጠሃት?» ብቻ ነው ያለች።

ሎርን ጎረቤቴ፣ ሰማንያ ያለፈ፣
እርሻውን ሸጦ አንድ ትራክተር ያተረፈ፣
ጆሮው ከተዘጋ ዓመታት ሆኖታል፤
ሞተር ስማልኝ ብዬ ምን እለዋለሁ? ቢሆንም መጥቷል።
ፓራፋንጎው ላይ መዳፉን አኖረ፣
ዓይኑን ጨፈነና በከንፈሩ ቆጠረ፤
በሌላው እጁ፣ እጀታው ጎማ በሆነ ፒንሳ፣
የካንዴላ ገመድ እየነቀለ ሊያነሣ።

አንደኛውን ነቀለ፤ ፎርዴ ልትሞት ደረሰች።
መለሰው፤ ተነፈሰች።
ሁለተኛውን፤ እንደዚያው።
ሦስተኛውን ነቀለ።
ምንም።
ያው ጡፍ፣ ያው ጡፍ፣ ያው ክፍተት።
ቀድሞ የሌለን ሰው ከቤት ብታስወጣው
ማን ጎደለ ይላል?

«አዲስ ካንዴላ እኮ ነው» አልኩት በጣቴ፤
አየና ሄደ። አስተያየቱን ትቶልኝ በበረንዳዬ፣ በቤቴ።

ሲመሽ ተመለሰ፣ መስኮት የሚወለወልበት
መርጫ ይዞ፣ ንጹሕ ውሃ ሞልቶበት።
«አስነሣት» አለኝ፤ አስነሣኋት።
«መብራት አጥፋ።» የጋራዡን አጠፋሁ።
«የበረንዳውንም።» አጠፋሁ።
«ስልክህንም ኪስህ ክተት።»
ሃያ ቀን ሙሉ በባትሪ፣ በአምፖል ስፈልግ የከረምኩ ሰው፣
በገዛ ጋራዤ ውስጥ የገዛ እጄ ጠፋኝ።

ውሃውን እንደ ጭጋግ አድርጎ ረጨ።
ያኔ አየሁት፦
ከሦስተኛው ገመድ፣ ከጎማው ስንጥቅ፣
ሰማያዊ ክር፣ እንደ ፀጉር ረቂቅ፣
ወደ ብረቱ ትዘላለች፣ ትጠፋለች፣ ትዘላለች፤
ከቦቢናው በሰላም ወጥታ
ካንዴላው ደጃፍ ሳትደርስ ከመንገድ ትቀራለች።
አዲሱ ካንዴላ እዚያ ተቀምጦ
ያልመጣ እሳት ሲጠብቅ ነው የከረመው።

በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም ይላሉ፤
እሷስ አልደበቀችም።
መብራት ያላጠፋሁት እኔ ነኝ።

አንድ ገመድ፦ አሥራ አራት ዶላር።
ይህን ደረሰኝ ውድነሽ
ከማቀዝቀዣው በር ላይ ለጠፈችው፤
እንግዳ ሲመጣ ታሳያለች።

ቅዳሜ ጠዋት ሎርን መዳፉን ከቦታው መለሰ።
አሁን ጮክ ብሎ፣ የተኩሱን ተራ እንደ ዳዊት ደገመ፦
አንድ፣ አምስት፣ ሦስት፣
ስድስት፣ ሁለት፣ አራት፤
ሦስት ላይ ሲደርስ ሁሌ ራሱን ይነቀንቃል።

ግን ትንሽ መንቀጥቀጥ፣ እጅግ ትንሽ፣ ቀርታ ነበር።
ጠጋ ብዬ በጆሮው ጮኽኩ፦
«አሁንም ትንሽ ይሰማኛል!»
«እሱ ዕድሜ ነው» አለኝ፤ «ተወው።»

እጁ ገና ፓራፋንጎው ላይ ነበር።
የሚንቀጠቀጠው የትኛቸው እንደሆነ
አልጠየቅሁም።