ጆሮ ያየው

ጊዩምሪ፣ ከባቡር ጣቢያው በስተጀርባ፣
በቆርቆሮ ጋራዥ፣ ነፋስ በሚገባ፣
አሮጊቶች ሁለት ጎን ለጎን ቆመዋል፤
አንዷን ልንሸጥ ነው፣ ገዢው ነገ ይመጣል።

የአባቴን ሁለት ዓይን ሞራ ጋርዶታልም፤
ሐኪሙ ዋጋውን ነግሮናል፣ አይቀንስም።
"የትኛዋ ትሂድ?" ብዬ ብጠይቀው፣
"አርፒኔ፣ ቁልፍ አምጪ፤ በጆሮዬ ልያቸው።"

ቮልጋዋ ቀደመች፣ በስልሳ ሁለት የተሠራች፣
ባፍንጫዋ ጫፍ ላይ አጋዘን የሰካች፤
ማርሿ ከመሪው ሥር፣ እንደ ጃንጥላ እጀታ፣
ፊት ወንበሯ ሶፋ፣ የሚያስተኛ ላፍታ።
አያቴ ህራቺክ የወፍጮ ሹም ሳለ
በሷ ሲያልፍ ያየ ሰው ባርኔጣውን ነቀለ።
ሙሽራም ወስዳለች፣ አርባ ይሁን ሃምሳ፤
ዱም ብሎ ሚዘጋ በሯን ማን ይረሳ!

ቁልፉን አዞርኩት። አንዴ። ተነሣች ያለ ሳል፤
ድምጿ የጠገበ ድመት ደረት ይመስላል።
አባቴ መዳፉን ኮፈኗ ላይ ጣለ፤
"ከኔ ጉልበት ይልቅ ደህና ናት" አለ።

ላዳዋ ደግሞ አለች፣ የሰማንያ ሦስት፣
ቀለሟ ሰናፍጭ፣ የከረመ በድስት።
ከሠርግ አትተዋወቅም፤ ሲሚንቶ፣ ድንች፣
የጎረቤት በግ፣ አንዴ ፒያኖ ጭናለች።
የኋላ መስኮቷ በገመድ ይታሰራል፣
ማሞቂያዋ በረዶ ሲያይ ወዲያው ያኮርፋል።

በበረዶ ሌሊት እናቴን ምጥ ሲይዛት፣
የመንገድ ጨው ይበላታል ብሎ አያቴ ቮልጋን ከለከላት፤
በላዳዋ ሄዱ። ድልድዩን ሲሻገሩ
ኋላ ወንበሯ ላይ አንድ ሰው ጨመሩ።
እኔን።

ቁልፏን አዞርኩት። ሳል። ዳግመኛ። ሳል፣ ዝምታ።
አባቴ ጣት ቆጠረ፤ "ቆይ... ቀስ... አሁን ምታ!"
ሦስተኛው ላይ ተነሣች፣ ቆርቆሮው ተናወጠ፣
የቤንዚን ሽታ መጣ፤ ፈገግ ብሎ ተቀመጠ።

"ባለ አጋዘኗን ስጪው፤ ማንም ይወዳታል፣
ልብስ ያለብሳታል፣ ፎቶ ያነሳታል።
ይቺን ግን" አለና ዳሽቦርዷን ዳበሰ፣
"ማን ሊለምናት ነው፣ ሦስቴ እየመለሰ?"

በነጋው ቫዝጌን መጥቶ ገንዘቡን ቆጠረ፤
አጋዘኑን ወልውሎ፣ ቀስ ብሎ ተሻገረ።

የቀዶ ጥገናው ቀን፣ ገና ሳይነጋጋ፣
ላዳዋ ውስጥ ገባን፣ ብርድ ልብስ ስንዘረጋ
ጉልበታችን ላይ። ቁልፉን ጨበጥኩ።
"አንድ" አለ አባቴ። ሳለች፤ ጋራዡ ዝም አለ።
"ሁለት" አለ።