የግራ ጉንጭ

አባቴ ሁለት ፊት አለው፤
ሐሜት እንዳይመስላችሁ፣ ፀሐይ ናት ለሁለት የከፈለችው።
ቀኙ የሃምሳ ዓመት ሰው፣ ለስላሳ፣ ገና ደም ያለው፤
ግራው ሰባን የዘለለ፣ ማረሻ እንዳለፈበት፣ ቦይ ለቦይ የተሰነጠቀ ነው።

ሠላሳ አንድ ዓመት ነዳ፣
መዳብ እንደጫነ፣ በዚያ ደረቅ ሜዳ፣
ከካላማ ቁልቁል እስከ አንቶፋጋስታ፣
ዝናብ በወሬ እንጂ በዓይን በማይታይበት ቦታ።
ጠዋት ሲወርድ በግራው፣
ከሰዓት ሲመለስም በግራው፤
መኪናው ዞረ እንጂ እሷ ወንበር አልቀየረችም፣
አንድ ቀን እንኳ ወደ ቀኙ አልተሻገረችም።

እኔ ፋርማሲ ውስጥ፣ ነጭ ጋውን ለብሼ፣
ወጣትነት በግራም እሸጣለሁ፣ በካርቶን ጠቅልዬ፣ ዋጋ አሳንሼ።
የማዕድን ሹሞች ሚስቶች ይመጣሉ፣
«ወርቅ ያለበት፣ የቀንድ አውጣ ልጋግ ያለበት» ይላሉ፣
የወር ደሞዜን በአንድ ጣት ጫፍ ይቀባሉ፤
የሚሠራውን ርካሹን ቱቦ ግን አይተው እንዳላዩ ያልፋሉ።

አንድ ሰኞ አባቴ ገባ፣ ኮፍያውን አውልቆ፣
ከሴቶቹ ኋላ ተሰለፈ፣ ተራውን ጠብቆ፤
«ለዚህኛው» አለኝ፣ ግራውን ጠቁሞ፣ ድምፁን ደብቆ።
«ትናንት ስላጭ፣ ሉስሚላ፣
ሟቹ አባቴ መጣ፣ በግራ በኩል፣ ከሳሙናው አረፋ ኋላ፤
ምላጩን ይዤ ቀረሁ፣
አባቴን መላጨት ፈራሁ።»

የመኪና መስታወት ጉቦኛ ዘበኛ ነው፣ አባባ፤
ያ የሚያቃጥለው ጨረር እንዳይገባ
በሩን ይዘጋል፤ የሚያስረጀው ሲመጣ ግን፣ እንደ ዘመድ፣ «ግባ!»
ከቆዳ ሥር ኮላጅን የሚሉት ጠፍር አለ፣
እንደ አልጋ ጠፍር ተወጥሮ፣ ፊትን ያዘለ፤
ጨረሩ በየቀኑ አንድ ክር ይበጥሳል፣
ሰውነት ይጠግናል፣ እያደር ግን የጠጋኙ እጅ ያንሳል።
ዕድሜ ብቻውን እግረኛ ነው፤ ፀሐይ ናት በመኪና የጫነችው፣
ሲጋራህ ነው ነዳጅ የሞላው።

«መድኃኒቱስ?» አለ።
የተበጠሰውን ሁሉ መልሶ የሚቋጥር የለም።
ጠዋት ይህን ተቀባ፣ ሳትሰስት፣ ጆሮህንም አንገትህንም፣
በየሁለት ሰዓቱ ድገም።
መስኮቱ ላይ ጨረር የሚመልስ ስስ ላስቲክ ይለጠፍ፤
ያቺን ጥቁር ነጥብ ሐኪም ይያት፣ ዛሬ ነገ ብለህ አትለፍ።
ማታ ሬቲኖይድ፣ አተር ታህል፤ መጀመሪያ ይልጥሃል፣ ያሳክክሃል፣
ወራት ትታገሣለህ፣ ጥቂት ይመለስልሃል።
ጥቂት።

ቱቦውን አገላበጠ፣ መነጽሩን ፈልጎ አጣ።
«ግራውን ብቻ ብቀባ፣» አለ፣ «ቀኙ ቆሞ ይጠብቀዋል፣ እስኪመጣ?»
ሴቶቹ ሳቁ። እኔም ሳቅሁ፣ ከዚያ ሳቄ ተቋረጠ።
ልጅ ሳለሁ፣ ትምህርት ቤት ሲዘጋ፣ ቀኝ ወንበር ላይ፣ ከጎኑ፣
የማውቀው አባት ያ ብቻ ነበር፣ የጥላው ወገኑ፤
ይህ ጋውን፣ ይህ ዲፕሎማ፣ የአራት ዓመት ክፍያዬ
በየወሩ ከየትኛው ጉንጭ እንደሚቆረጥ መች ጠይቄ፣ መች አይቼ!

መጋቢት ላይ ወንድሜ ኤድጋርዶ ቁልፉን ተረከበ።
አባቴ ጎህ ሳይቀድ ተነሥቶ መስኮቱን አጠበ፣
ላስቲኩን ለጠፈ፣ በመንጃ ፈቃዱ ጠርዝ አረፋውን እየገፋ፤
አንዷ አረፋ እምቢ ብላ ከጥግ ቀረች፣ ሳትጠፋ።
ከዚያ በአውራ ጣቱ ክሬም ዛቀ፣
የልጁን ጉንጭ ቀባ፤ ልጁ ሳቀ፣
«እኔ ሴት ነኝ እንዴ?» አለ፣ በእጅጌው ሊጠርገው።
አባቴ አልተቆጣም። ፊቱን ወደ ቀኝ አዞረለት፣
ቆየ፤
ቀጥሎ ወደ ግራ።
ከተራራው ጀርባ ሰማዩ ቀላ፣ ሞተሩ አጓራ።
ኤድጋርዶ እጁን አወረደ፤ ቱቦውን ተቀበለና
ጆሮውን ቀባ፣ የግራውን፣ አንገቱንም እንደገና።