የዞረ ሂሳብ

የመጀመሪያው መዝገብ ሽፋኑ ሻግቷል፤
ከቢራ ፋብሪካ ጎን ኖሮ፣ ዛሬም ብቅል ብቅል ይሸታል።
ሰባት ሴቶች ናቸው፣ በሰባት ዓይነት ፊርማ፣
በሃያ ስድስት ክረምት፣ ሚልዋኪ ከተማ፤
የማታ ንግድ ትምህርት፣ የኋላ ወንበር ላይ፣
ሰሌዳው ለወንዶች ወለል ብሎ ሲታይ፣
እነሱ የሚያዩት የኮት ጀርባ ነበር።
«ለጽሕፈት መኪና ጣት ይበቃል» አለ መምህር።

የወንዶቹ ማኅበር በሩን ሲዘጋባቸው፣
ቴክላ ናት ያለችው፦
«እኛም በር እንሥራ፣ ቁልፉ ግን አይኑረው።»

ከቮግል ልብስ ማጠቢያ፣ እንፋሎት በሞላው ጓዳ፣
ሐሙስ ሐሙስ ማታ፣ ያለ አንድም እንግዳ፣
ሃያ አምስት ሳንቲም በብስኩት ጣሳ።
ሄርሚና መዘገበች፣ አንዲት ሳትረሳ፤
የተረሳ ጓንት እንኳ ከንብረት ተርታ ገብቷል፤
ባለቤቷ ስትወስደው፣ በቀይ ተሰርዟል።

ከዚያ ባንኮች ወደቁ።
ባለ ባርኔጣዎች በብርድ ተሰልፈው በሩን ሲደልቁ፣
የብስኩቱ ጣሳ፣ ማንም ያልቆጠረው፣
ለስንቷ ከሰል ሆነ፣ ለስንቷ የቤት ኪራይ፤ እኔ ልቁጠረው?
ሁሉም ተጽፏል።

የሠላሳ ሦስት መጋቢት፣ ስድስተኛው መስመር፦
ኦቲሊ፣ ለባቡር፣
ሦስት ዶላር ከሰባ አምስት።
«በሚቀጥለው ወር ትመልሳለች» ይላል የሄርሚና ጽሕፈት።
ወር ገባ፣ ወር ወጣ።

ሰኔ ላይ ሂሳቡ ሲዘጋ፣ ቴክላ ተነሣች፤
«የማይሰበሰብ ነው፤ ደንቡ ይሰረዝ ይላል» አለች።
ትክክል ነበረች። የተማሩበትም መጽሐፍ እንዲያ ይላል።
ሄርሚና ብዕሯን ከደነች፦ «ስሟስ የት ይውላል?
መዋጮ አትከፍልም፣ ስብሰባ አትመጣ፤
ከዚህ ዕዳ በቀር፣ በምን በኩል ትምጣ?»
እጅ ወጣ፤ ስድስት ለአምስት።
ወደሚቀጥለው ገጽ አዞሯት።

ከዚያ ወዲህ በየሰኔው
ቀለም ተለወጠ፣ እጅ ተለወጠ፤ መስመሩ ያው ነው።
አንዷ የባንክ ሹም ሆነች፣ ወድቆ በተነሣው፤
አንዷ ሱቅ ከፈተች፤ ባሏ ነው የሸጠው።
በኋላ ወንዶቹም መጥተው አንኳኩ፤ በሩ ቁልፍ የለው፤
«ተሳቀ» ይላል፣ ሌላ ሳይጨምር፣ ቃለ ጉባኤው።
ሰባቱም አለፉ።
የቮግል ጓዳ ዛሬ የመኪና ማቆሚያ ነው።

እኔ አሥራ ዘጠነኛዋ ገንዘብ ያዥ ነኝ፤
መዝገብ አልወረስኩም፤ ኮምፒውተር ነው የተሰጠኝ።
በሰኔ መጨረሻ ይጠይቀኛል፣ በትሕትና፦
«ዘጠና ዓመት ያለፈው ዕዳ ይሰረዝ?»
ቴክላ ትክክል ናትና፣
ጣቴ ጥቂት ይዘገያል።

ከዚያ «አይ» እላለሁ።
ሦስት ከሰባ አምስት ወደ ሐምሌ ይሻገራል።
ጣሳው እኔ ጋ ነው፤ አሁን የወረቀት መቆንጠጫ ይዟል።